ስድስት ስንኝ በጆሮ፦ የአጭር ግጥምን ቤት፣ ምጣኔና ስሜት እንዴት እንመርምር?

ከታች ያለውን ግጥም መጀመሪያ ያነበብሁላት ለአክስቴ ነው። ፊደል አልቆጠረችም፤ ግን ዕድሜዋን ሙሉ ሙሾና እንጉርጉሮ ስትሰማ ኖራለች። ጥጥ እየፈተለች ታዳምጠኝ ነበር። አምስተኛው ስንኝ ላይ ስደርስ እንዝርቷን ያዝ አደረገችና «ቆይ እስኪ፣ ድገማት። ይችኛዋ አነከሰች» አለችኝ። ያን ጊዜ ስንኙ የሚጀምረው «ውሃውም ጎደለና» ብሎ ነበር። በጣቴ ብቆጥር ሰባት ሆነብኝ፤ የቀሩት ሁሉ ስድስት ስድስት ናቸው። «ም»ን ጣልኋትና እንደገና አነበብሁላት። ምንም አላለችም፤ እንዝርቱ መሾሩን ቀጠለ።

ይህን መመሪያ የምጽፈው ያን የመሰለ ጆሮ በሥራ እንደሚገኝ ስለማምን ነው። አማርኛ የሚያስተምር፣ የሚማር ወይም ግጥም የሚሞክር ሰው አንድ አጭር ግጥም ይዞ ቢቀመጥና በየደረጃው ቢሄድ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ብዙ ነገር ይገለጥለታል። ለመማሪያ እንዲሆን ያዘጋጀኋት ግጥም ይች ናት፦

ጤፉ ታጨደና ተወቃ ባውድማ፣
ይመጣል ያሉት ልጅ ድምፁም አልተሰማ፤
በጋ ነው ብዬ ነው ሆዴን አስጨክኜ፣
ልጄን አሻገርሁት ዓባይን አምኜ።
ውሃው ጎደለና መሻገሪያው ታየ፣
የኔ ልጅ ብቻ ነው በዚያው የዘገየ።

መጀመሪያ ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡ

ግጥሙን በእጃችሁ ገልብጡት። በስንኝና በስንኝ መካከል ሁለት መስመር ያህል ክፍት ቦታ ተዉ፤ ምልክቶቻችሁን የምታደርጉት እዚያ ላይ ነው። ከዚያ ሦስት ጊዜ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። በመጀመሪያው ንባብ ምንም አትጻፉ። በሁለተኛው፣ ትንፋሻችሁ በራሱ የሚያርፍበት ቦታ ላይ ሰረዝ አስምሩ። በሦስተኛው፣ ምላሳችሁ የተደናቀፈበትን ወይም መፍጠን ግድ የሆነበትን ቦታ ክበቡ።

በዚህ ግጥም ትንፋሽ የሚያርፈው ስንኙ መሐል ነው፦ «ጤፉ ታጨደና / ተወቃ ባውድማ»። በዕረፍቱ የተከፈለው ግማሽ ስንኝ ሐረግ ይባላል። ሁለት ሐረግ አንድ ስንኝ ይሠራል፤ እዚህ ሁለት ሁለት ስንኝ ደግሞ በአንድ ቤት፣ ማለትም በመጨረሻው ድምፅ መመሳሰል፣ ይታሰራል። ምላስ የሚፈጥነው አምስተኛውና ስድስተኛው ስንኝ ላይ፣ «መሻገሪያው» እና «በዚያው» የሚሉት ቃላት ጋ ነው። ክቡን እንዳለ ተዉት፤ እንመለስበታለን።

ቀለም ቆጠራ

ብዙ ተማሪ የሚስተው እዚህ ነው። የሚቆጠረው ቀለም፣ ማለትም በአንድ አናባቢ ተሰምቶ የሚወጣው ድምፅ ነው፤ በወረቀቱ ላይ የሚታየው የፊደል ብዛት ከቀለሙ ብዛት ጋር እኩል የሚሆነው አልፎ አልፎ ብቻ ነው። ከግዕዝ እስከ ኃምስና ሳብዕ ያሉት ፊደላት አናባቢያቸው ይሰማልና ሁልጊዜ ይቆጠራሉ። ችግሩ ያለው ሳድስ ላይ ነው። ሳድስ አንዳንዴ ድምፅ አለው፣ አንዳንዴ ከፊቱ ባለው ቀለም ላይ ተለጥፎ ዝም ይላል። ድምፅ ካለው ይቆጠራል፤ ዝም ካለ አይቆጠርም።

ሁለተኛውን ስንኝ እንየው። «ይመጣል ያሉት ልጅ» ዘጠኝ ፊደል ነው። ይ (አንድ)፣ መ (ሁለት)፣ ጣ (ሦስት)፣ ል ዝም፣ ያ (አራት)፣ ሉ (አምስት)፣ ት ዝም፣ ል (ስድስት)፣ ጅ ዝም። «ል» ሁለት ጊዜ መጣች፦ «ይመጣል» ላይ አልተቆጠረችም፣ «ልጅ» ላይ ተቆጠረች። ፊደሏ ያው ናት፤ የለየው ጎረቤቷ ነው። «ድምፁም አልተሰማ» እንዲሁ ዘጠኝ ፊደል ይዞ ስድስት ቀለም ይሰጣል። ራሳችሁ ሞክሩት፤ «ድ» ትቆጠራለች፣ ሁለቱም «ም» ዝም ይላሉ።

አሁን አራተኛውን ውሰዱ፦ «ዓባይን አምኜ»። «ዓባይ» ብቻውን ሲባል ሁለት ቀለም ነው፤ «ይ» ዝም ትላለች። «ን» ስትጨመር ግን «ይ» ድምፅ ታወጣለች፣ ዝምታው ወደ «ን» ያልፋል። ስለዚህ ዓ-ባ-ይን ሦስት ሆነ። «ቤት» እና «ቤትን»ም እንዲሁ ናቸው። «አምኜ» ላይ «ም» ድምፅ አላትና አ-ም-ኜ ሦስት ነው። በድምሩ ስድስት። ሳድስን ባያችሁ ቁጥር በዓይን አትፍረዱ፤ መዳፋችሁን ከአገጫችሁ ሥር አድርጋችሁ ቃሉን ቀስ ብላችሁ በሉት። አገጭ በወረደ ቁጥር አንድ ቀለም ነው።

መጥበቅና መላላት ትርጉም ይለውጣል እንጂ እዚህ ቆጠራውን አይለውጥም። «ብቻ» ላይ «ቻ» ብትጠብቅም ቃሉ ሁለት ቀለም እንደሆነ ይቀራል።

ወደ ከበባችኋቸው ቃላት እንመለስ። «መሻገሪያው ታየ» በወረቀት ላይ ሲቆጠር መ-ሻ-ገ-ሪ-ያው-ታ-የ ሰባት ነው። ሲነገር ግን «መሻገርያው» ይሆናል፤ «ሪ» ትሳሳለች፣ ስድስት ላይ ይወድቃል። «በዚያው የዘገየ»ም ያው ነው፤ አፍ ላይ «በዝያው» ይባላል። እንዲህ ያለውን ስታገኙ «ገጣሚው ተሳስቷል» ለማለት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ሰው እንዴት እንደሚናገረው ጠይቁ። የአክስቴ ጆሮ «ውሃውም»ን ያዘ፣ «መሻገሪያው»ን ግን አለፈው። ምክንያቱም የመጀመሪያው በንግግር አይሳሳም፤ ው-ሃ-ውም ሦስት ከማለት ማምለጫ የለውም።

አንድ የጎጃም ነገር ላንሳ። «አሻገርሁት» የሚለውን አንዳንድ አራሚ «አሻገርኩት» ብሎ ያቃናዋል። ቆጠራው አይፈርስም፤ ሁለቱም አራት ቀለም ናቸው። የሚጠፋው ተናጋሪዋ ናት። በ«ሁ» የምትናገረው ይች እናት ከዓባይ ወዲህ ያለች፣ ጎጃሜ ናት። ግጥም ስትመረምሩ እንዲህ ያለውን የአነጋገር ምልክት ጻፉት፤ በኋላ ለስሜቱ ማስረጃ ይሆናችኋል።

ምጣኔውን ሰይሙት፣ ከዚያ አፍርሱት

ቆጥራችሁ ስትጨርሱ ስድስት ሲደመር ስድስት አገኛችሁ። በየሐረጉ ያለው የቀለም ልክ ምጣኔ ነው፤ ይህኛው ምጣኔ የወል ቤት ይባላል። ስሙ እንደሚለው የጋራ ነው፤ ሐዘንም ናፍቆትም ፍቅርም ይሸከማል፤ አማርኛ ሲናገር ትንፋሹ በተፈጥሮ የሚወድቅበት ልክ ይመስለኛል። ሐረጉ አምስት አምስት ቀለም ከሆነ ሰንጎ መገን ነው። አራት አራት ከሆነ ቡሄ በሉ ይባላል፤ በቡሄ ልጆች በየደጁ ሲጨፍሩ የምንሰማው ልክ ነው። «ዶሮ ጮኸ፣ ሌሊት ነጋ» ብትሉ ቡሄ በሉ ላይ ናችሁ።

ስም መስጠት ግን የሥራው ግማሽ ነው። ምጣኔው ምን እንደሠራ የምታውቁት ስታፈርሱት ነው። የኛኑ ግጥም ሐሳብ በአራት አራት ቀለም ልጻፈው፦

ጤፉ ገባ ሁሉ ሰምሮ፣
ልጄ ቀረ ወንዝ ተሻግሮ።

ነገሩ ያው ነው፤ ጤፍ ገባ፣ ልጅ ቀረ። ቤቱም ይመታል። ግን በእጃችሁ እያጨበጨባችሁ በሉት፤ እግር ያስነሳል። ሐዘኑ ከመቀመጡ በፊት ስንኙ አለቀ። ባለስድስቱ ልክ ግን ለእናትየዋ ማሰቢያ ጊዜ ይሰጣታል፤ «በጋ ነው ብዬ ነው» ብላ ቆም ልትል ትችላለች። ይህን ሙከራ በማንኛውም ግጥም ላይ አድርጉት። ምጣኔው ሲለወጥ ስሜቱ ካልተለወጠ፣ ወይ የጻፋችሁት ደካማ ነው ወይ ግጥሙ ራሱ ምጣኔውን አልተጠቀመበትም።

ቤቱን ለብቻው አውጥታችሁ እዩት

ቤት የሚመታው በስንኙ የመጨረሻ ቀለም ነው፤ ተነባቢውም አናባቢውም አንድ ሲሆን ቤቱ ደህና ይባላል። በኛ ግጥም ማ ከማ፣ ኜ ከኜ፣ የ ከየ ገጥመዋል፤ በየሁለት ስንኙ ቤቱ ይለወጣል። ብዙ ትንታኔ እዚህ ላይ ያቆማል። እኔ ግን ሥራው የሚጀምረው እዚህ ነው እላለሁ።

በመጀመሪያ ጥንካሬውን መዝኑ። «አስጨክኜ» እና «አምኜ» ከኜ በፊት ያለው ቀለምም በሳድስ ድምፅ ይቀራረባል፤ ለጆሮ ሞላ ያለ ነው። በሌላ በኩል ሁለቱም የአንድ ዓይነት ግሥ ቅርጽ ናቸው፤ በዚህ ቅርጽ ቤት መምታት ቀላል ነው፣ ማንም «ሄጄ፣ ወድጄ» እያለ ሊቀጥል ይችላል። «ባውድማ» እና «አልተሰማ» ግን ስምና ግሥ ናቸው። ድምፁ ከማ ወዲያ አይገጥምም፤ ሆኖም አድማጭ ያልጠበቀው ግጥምጥሞሽ ነው። እኔ ሁልጊዜ ሁለተኛውን ዓይነት እመርጣለሁ።

ቀጥሎ የቤት መምቻ ቃላቱን ብቻ በወረቀት ጥግ ላይ በጥንድ ጻፉ፦

አውድማ፣ አልተሰማ
አስጨክኜ፣ አምኜ
ታየ፣ ዘገየ

ዝም ብላችሁ እዩአቸው። አውድማ የጩኸት ቦታ ነው፤ በሬዎቹ ይዞራሉ፣ ነጂው ያዜማል፣ መንሹ ይነሳል፣ ሰው ይጣራል። ከዚያ ሁሉ ድምፅ ጋር የተጣመረው ቃል «አልተሰማ» ነው። «አስጨክኜ፣ አምኜ» እናትየዋ በገዛ እጇ ያደረገቻቸው ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ግጥሙ ውስጥ «እኔ አደረግሁ» የምትልባቸው ቤት መምቻዎች እነዚህ ብቻ ናቸው። «ታየ፣ ዘገየ»፦ መሻገሪያው ታየ፣ ልጁ አልታየም። ጥንዶቹ ብቻቸውን ታሪኩን ነገሩን። ጥሩ ቤት ተጣማሪዎቹን ያከራክራል። ጥንዶቹ ምንም ሳይነጋገሩ ቢቀሩ፣ ቤቱ ለድምፅ ብቻ የገባ ነው ብላችሁ ለመጻፍ አትፍሩ።

በስንኙ ውስጥ ስላለው ድምፅም ትንሽ ልበል። የሚጠነክሩትን ድምፆች፣ ማለትም ጠን፣ ጨን፣ ቀን፣ ጸን፣ ጰን በየስንኙ ቁጠሩ። አንደኛው ላይ ሦስት ናቸው (ጤ፣ ጨ፣ ቃ)፣ ሁለተኛው ላይ ሁለት (ጣ፣ ፁ)፣ ሦስተኛው ላይ አንድ (ጨ)፤ ከአራተኛው ጀምሮ አንድም የለም። ስጽፈው አላሰብሁትም፤ ስመረምረው ነው ያየሁት። ግጥሙ ከመውቂያው ጥንካሬ ጀምሮ ወደ «የዘገየ» ልስላሴ ይወርዳል። ይህን ብቻውን ማስረጃ አታድርጉት፤ ሌላው ማስረጃ ካለ ግን ያጠናክረዋል።

ወደ ተራ አረፍተ ነገር መልሱት

አማርኛ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። ግጥም ሲያዛባው ምክንያት ሊኖረው ይገባል። አራተኛውን ስንኝ ወደ ተራ ንግግር ብንመልሰው «ዓባይን አምኜ ልጄን አሻገርሁት» ይሆናል። ምጣኔው አልተነካም፤ ስድስት ስድስት ነው። ቤቱ ግን ፈረሰ፤ ከቤቱም የበለጠ ነገር ሄደ። በተራው ቅደም ተከተል የመጨረሻው ነገር ልጁን ማሻገሯ ነው። በግጥሙ ቅደም ተከተል የመጨረሻው ነገር ማመኗ ነው። ጸጸቷ ያለው ማመኗ ላይ ነው። «ተወቃ ባውድማ»ን ስትመልሱት («ባውድማ ተወቃ») ግን ከቤቱ በቀር ብዙ አይጠፋም። ያም መታወቅ አለበት፤ ሁሉም መዛባት ጥልቅ አይደለም።

እግረ መንገዳችሁን አረፍተ ነገሩ ከስንኝ ወደ ስንኝ የሚፈስበትን ቦታ ፈልጉ። እዚህ ሦስተኛውና አራተኛው ናቸው፤ «አስጨክኜ» ላይ ማቆም አይቻልም። አንድ ትንፋሽ ሁለት ስንኝ የሚሄደው እናትየዋ ጥፋቷን ስትናገር ብቻ ነው።

ኅብሩን ስትፈልጉ ተጠንቀቁ

ጎጃም የቅኔ አገር ነው። ዋሸራና ጎንጂ፣ ዲማና ደብረ ኤልያስ ስማቸው ከቅኔ ጋር የተያያዘ ነው። ከሁለት ቤት (በቅኔ «ቤት» ማለት ስንኝ ነው) ጉባኤ ቃና ጀምሮ እስከ መወድስ ያለውን የግዕዝ ቅኔ ተማሪው በቃሉ ሲያሰናዳ «ቅኔ ቆጠራ» ይባላል። የግዕዙ ቅኔ የራሱ ልክና ዜማ አለውና የአማርኛውን ቀለም ቆጠራ እዚያ ላይ አትጫኑት። ሰምና ወርቁ ግን ወደ አማርኛችን በሰፊው ገብቷል፤ አንድ ቃል ሰሙንም ወርቁንም ሲሸከም ኅብር እንለዋለን።

ከዚህ የተነሳ እኛ ዘንድ ያለው ፈተና ወርቅ በሌለበት ወርቅ መቆፈር ነው። እኔ የምከተለው ሕግ አንድ ነው፦ ሁለተኛው ትርጉም ግጥሙ ውስጥ ካለ ሌላ ቃል ድጋፍ ካላገኘ አልቀበለውም።

«ዓባይን አምኜ» ላይ እንሞክረው። ሰሙ ወንዙ ነው፤ በበጋ ውሃው ስለሚጎድል ደህና ያሻግራል ብላ አመነች። «አባይ» ግን ዋሾ ማለትም ነው፤ «አባይ ጠንቋይ» እንል የለ? ወርቁ «ዋሾውን አምኜ» ሊሆን ነው። ድጋፉ የት አለ? ሁለተኛው ስንኝ ላይ፦ «ይመጣል ያሉት ልጅ»። ማን ነው ይመጣል ያለው? ስማቸው አልተጠራም፤ ግን «ይመጣል» ያሉ ሰዎች አሉ፣ ልጁም አልመጣም። ዋሾው በግጥሙ ውስጥ ቦታ አለው፤ ስለዚህ ኅብሩ ይቆማል። «ያሉት» ባትኖር ኖሮ «አባይ»ን ዋሾ ብዬ ለመተርጎም አልደፍርም ነበር።

ስሜቱን መጨረሻ ላይ ጻፉ

ስሜት ገና በመጀመሪያው ንባብ ስለሚሰማን «ግጥሙ የሐዘን ነው» ብለን እንጀምርና የቀረውን ሁሉ ለዚያ ማስረጃ እናደርገዋለን። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ሳደርግ ኖሬአለሁ። «ሐዘን» ግን ሰፊ ቃል ነው። ሙሾ ሐዘን ነው፣ ናፍቆት ሐዘን ነው፣ ቁጭትም ሐዘን ነው። የትኛው እንደሆነ ለመለየት እነዚህን ጠይቁ።

ማን ነው የሚናገረው? እናት (ወይም አባት፤ ግጥሙ አልለየም፤ እኔ እናት ብዬ ያነበብሁት በጆሮዬ ነው፣ እናንተ ልትለዩ ትችላላችሁ)። ለማን? ለማንም አልተባለም፤ «ልጄ ሆይ» አትልም። ይህ ከሙሾ ይለየዋል፤ ሙሾ ብዙ ጊዜ ሟቹን ይጠራል።

መቼ ነው? እዚህ ላይ ቆዩ። ልጁ የተሻገረው በበጋ ነው። አሁንም ጤፍ ተወቅቷል፣ ውሃው ጎድሏል፤ እንደገና በጋ ነው። በሁለቱ በጋዎች መካከል አንድ ክረምት አለ፤ ግጥሙ ስሙን እንኳ አልጠራውም። ዓባይ ጎጃምን ከምሥራቅ፣ ከደቡብና ከምዕራብ ይዞራል፤ ደጀን ላይ ሸለቆው ከ1,000 ሜትር በላይ ይጠልቃል፤ በነሐሴ ሙላቱ ያስፈራል። ድልድይ ከመሠራቱ በፊት ክረምት ማለት መለያየት ነበር። ይህን የሚያውቅ አንባቢ ያልተጠራው ክረምት ይሰማዋል። እናትየዋ ክረምቱን ሙሉ «ወንዙ ሞልቶበት ነው» እያለች ቆይታለች፤ አሁን ያ ምክንያት አለቀ። የአምስተኛው ስንኝ ክብደት እዚህ ነው። «መሻገሪያው ታየ» የምሥራች መሆን ነበረበት።

ምን አልተባለም? «በዚያው ቀረ» ይላል ሰው፣ ተስፋ ሲቆርጥ። ጆሯችን «በዚያው» ከተባለ «ቀረ»ን ይጠብቃል። እሷ ግን «በዚያው የዘገየ» አለች። የሞቱን ቃል እስከ አፏ አድርሳ በመጨረሻው ጊዜ መለሰችው። ምላሳችሁ የፈጠነበት፣ ቆጠራው የጠበበበት ቦታም ይኸው «በዚያው» እንደነበር አስታውሱ።

ስለዚህ ስሜቱን በአንድ ቃል «ሐዘን» አልለውም። ጸጸት ነው፣ ከውስጡ ተስፋ አልቆርጥም የሚል እምቢታ አለበት። እንዲህ ለማለት ያስቻሉኝ ቤቱ፣ የቃላቱ ቅደም ተከተልና ቆጠራው ናቸው።

ጽሑፉ እንዴት ይምጣ?

ከሦስት እስከ አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። የኔ ይህን ይመስላል፦ «ግጥሙ በወል ቤት፣ ስድስት ስድስት ቀለም ባለው ሐረግ የተጻፈ ሲሆን ቤቱ በየሁለት ስንኙ ይለወጣል። ‹አውድማ› ከ‹አልተሰማ›፣ ‹ታየ› ከ‹ዘገየ› መግጠማቸው የመከሩን ሙላት ከልጁ መጥፋት ጋር ያፋጥጠዋል። ‹ዓባይን አምኜ› ከግሡ በኋላ መምጣቱ ጸጸቱን በስንኙ መድረሻ ላይ ያስቀምጠዋል፤ ‹ይመጣል ያሉት› የሚለውም ኅብሩን ይደግፋል። ተናጋሪዋ ‹ቀረ› ማለት ሲገባት ‹የዘገየ› በማለቷ ግጥሙ ወደ ሙሾ ሳይገባ ይቆማል።» ቁጥሩን ብቻ ደርድሮ መተው ትንታኔ አይሆንም፤ እያንዳንዱ ቁጥር አንድ ነገር ሲሠራ መታየት አለበት።

አሁን እናንተ ሞክሩ። ቀለሙን ቁጠሩ፣ ስሙን ስጡት፣ ቤት መምቻዎቹን በጥንድ አውጡ፦

ጭሱ ከጎጆ ወጥቶ ሲበተን፣
ሆዴ በናፍቆት ደርሶ ሲፈተን፣
ተንኳኳ ብዬ ወጥቼ ባየው፣
ነፋስ ነው ለካ በሩን ያዋየው።

«ያዋየው» ላይ ቆዩ። ነፋስ በር ይመታል፣ ይገፋል፣ ያንኳኳል፤ ይህ ነፋስ ግን ከበሩ ጋር አወጋ። ተናጋሪው ይህን ቃል የመረጠው ቤቱ ከ«ባየው» ጋር ስለገጠመለት ብቻ ነው ወይስ እሱን የሚያዋየው ሰው ስለሌለ? መልሱን ስትጽፉ ከሌሎቹ ሦስት ስንኞች ቢያንስ አንድ ቃል ጥቀሱ።